የመዝናኛ ዘርፍ ሙከራ በአካባቢ ደረጃ፦ ገንዘቡን ለሁሉም ወረዳ ማከፋፈል ወይስ በአንድ ቦታ ማፍሰስ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ውስጥ በባለሙያነት እሠራለሁ። ክልሉ በመዝናኛ ዘርፍ አዳዲስ ሐሳቦች በየአካባቢው እንዲሞከሩ ፈልጎ ለዞናችን አነስተኛ ገንዘብ መድቧል። አንዳንዶቻችን ገንዘቡ ለሁሉም ወረዳዎች እኩል ይከፋፈል እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ጥሩ መናፈሻ ይሠራበት እንላለን። የትኛው ይሻላል? የሚሞከረውስ ነገር ከአንድ በጀት ዓመት አልፎ ለሌላ አካባቢ እንዲተርፍ ምን ማድረግ ይኖርብናል?»

ዘርዘር ያለ መልስ ለመስጠት የፈለግሁት ጥያቄው በብዙ ዞኖች የሚነሣ በመሆኑና በዚህ ሥራ ባሳለፍኋቸው ዓመታት ጥሩ ሐሳቦች በአጀማመራቸው ምክንያት ሲጨነግፉ ደጋግሜ በማየቴ ነው። በእኔ እምነት ሁለቱም አማራጮች ገንዘቡን ያባክናሉ። ለሁሉም ወረዳ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ለአንድ ስብሰባ፣ ለውሎ አበልና ለባነር ማሠሪያ ብቻ ይበቃል፤ በአንድ ቦታ ሲፈስ ደግሞ ግንባታ ይቆማል፣ ይመረቃል፣ ዞኑ ግን ከዚያ የሚማረው ነገር አይኖርም። የእኔ ምክር ሁለት ወረዳዎችን መርጣችሁ፣ በሁለቱም አንድ ዓይነት አሠራር ቢያንስ ለሁለት የመኸርና የበጋ ወራት እንድትሞክሩ፣ ከገንዘቡም ሲሶውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ሦስተኛ ቦታ ለማሻገር ለይታችሁ እንድታስቀምጡ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

በመሥሪያ ቤቶቻችን «ሙከራ» ሲባል ብዙ ጊዜ ትንሽ ፕሮጀክት ማለት ሆኗል፤ ገንዘቡ ያነሰ፣ ሪፖርቱ ያጠረ፣ በተረፈ እንደማንኛውም ፕሮጀክት ተጀምሮ የሚዘጋ ሥራ ማለት ነው። ሙከራ ግን መልሱን አስቀድመን የማናውቀው ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። «በሐይቁ ዳር መናፈሻ መሥራት» በሚለው ዕቅድ ውስጥ ምንም ጥያቄ የለም። «የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ጀልባ፣ ፈረስና ምሳ በአንድ ክፍያ አጣምረው ቢያቀርቡ፣ ለግማሽ ቀን ከከተማ የሚመጣው ቤተሰብ ያድራል ወይ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱ «አያድርም» ቢሆን እንኳ ገንዘቡ አልጠፋም፤ በሌሎች አምስት ወረዳዎች ሊደገም የነበረ ስሕተት ሳይቃጠል በቅጠል ተብሎ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳልኝ በቤልጂየም ሊምበርግ በተባለው ክፍለ ሀገር የተደረገው ነው። ሊምበርግ ለአሥርተ ዓመታት በድንጋይ ከሰል የኖረ አካባቢ ሲሆን፣ የቀሩት ማዕድን ማውጫዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄደው የመጨረሻው፣ የዞልደሩ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ። ለክፍለ ሀገሩ የቀሩለት ሜዳማ መሬት፣ የጥድ ደን፣ የቦይ ዳር መንገዶች፣ ከሰል ይመላለስባቸው የነበሩ የባቡር መስመሮችና ሥራ ፈላጊ ሕዝብ ነበሩ። የባሕር ዳርቻ የለውም። በዚህ አካባቢ ነው ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ያፈለቀው ሐሳብ የተሞከረው። እስከዚያ ድረስ የብስክሌት መዝናኛ መንገድ ማለት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ አንድ ዙር ነበር፤ ልጅ የደከመበት ወላጅ ማሳጠር፣ ቀኑ ያማረለት ሰውም ማስረዘም አይችልም ነበር። የቦለን ሐሳብ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር ያለው ሰሌዳ እንዲቆም፣ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ የሚመራ ቀስት እንዲደረግና ጋላቢው ቁጥሮቹን እየደረደረ የራሱን ጉዞ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።

ሰሌዳው በቅርብ ሲታይ በጣም ተራ ነገር ነው። አንድ ቀጭን ምሰሶ ነው፤ ከላዩ ለምሳሌ 72 የሚል ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ወደ ግራ 71፣ ወደ ቀኝ 75 የሚያመለክቱ ቀስቶች አሉ፤ አጠገቡ የአካባቢውን ቁጥሮች የያዘ ካርታ ይቆማል። ሰውየው ጠዋት ቁርሱን እየበላ አምስት ስድስት ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍና የብስክሌቱ መሪ ላይ ያስረዋል፤ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመጣ ሁለቱን ሰርዞ ባቋራጭ ይመለሳል። አዲስ አስፋልት አልተነጠፈለትም ማለት ይቻላል፤ መረቡ በአብዛኛው የተሠራው ቀድሞም በነበሩ የእርሻ መንገዶች፣ የቦይ ዳርቻዎችና ባቡር በተዋቸው መስመሮች ላይ ነው።

መረቡ በ1995 እ.ኤ.አ. በሊምበርግ ተከፈተ። ሊምበርግ የሚገኝበት የቤልጂየም ክልል የፍላንደርስ የቀሩት ክፍለ ሀገሮች አይተው ወሰዱት፤ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኔዘርላንድስ ገባ፤ ከዚያም ወደ ጀርመን ክፍሎች ዘለቀ። ዛሬ በሊምበርግ ብቻ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እጅግ ትኩረት የሚሻው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሊምበርግ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበት በቦክራይክ ኩሬን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው መንገድ፣ ጋላቢው ውኃውን በግራና በቀኝ በዓይኑ ትክክል እያየ ከ200 ሜትር በላይ የሚሄድበት፣ የተሠራው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሄክተል ኤክሰል ደን ውስጥ በዛፎች መካከል እስከ 10 ሜትር ከፍ እያለ የሚዞረው መንገድ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ውዱና ፎቶ የሚነሡበት ነገር የመጣው ሰሌዳዎቹ ከቆሙ፣ ሰዉም መጋለብ ከለመደ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እኛ ዘንድ የሚደረገው በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሕንጻው ይቀድማል፣ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚያስተዳድረው የሚታሰበው ግን ከምረቃው በኋላ ነው።

ከሊምበርግ የምንወስደው ሌላው ነገር የሙከራው ስፋት ነው። የቁጥር መረብ በአንድ መንደር ሊሞከር አይችልም፤ ጥቅሙ የሚታየው መንገዱ የአስተዳደር ወሰን ሲሻገርና ሰሌዳው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። በመላ አገር ደረጃ እንዳይጀመር ደግሞ ማንም ያልሞከረው ነገር ነበር። ስለዚህ ክፍለ ሀገር ልክ የሆነው ስፋት ሆነ። የእናንተም ዞን ጥያቄውን ሲመርጥ «ይህ ነገር ሊሠራ የሚችልበት ትንሹ ስፋት የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የእግር ጉዞ መስመር ከሆነ ሦስት አራት ቀበሌዎችን ይጠይቃል፤ የአንድ ከተማ የእሑድ ጎዳና ከሆነ አንድ መንገድ ይበቃዋል። በፍላንደርስ ክፍለ ሀገሮች ሰሌዳዎቹን እየዞሩ የሚፈትሹ፣ የጠፋ ቀስት ሲያገኙ የሚያሳውቁ በጎ ፈቃደኞች መኖራቸውንም ልጨምር፤ በቋንቋቸው የሚጠሩት «የክርስትና አባትና እናት» በሚል ስም ነው፤ ስሙ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የጥገናን ነገር ከመነሻው ያላሰበ የመዝናኛ ሙከራ በሁለተኛው ክረምት ያበቃለታል።

በአገራችን ለዚህ ቅርብ የሆነው በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው የመቄት ወረዳ የተጀመረው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እንግዶቹን ሲቀበል የጠየቀው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ እንግዳ በገደሉ አፋፍ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ እየሄደ፣ ሻንጣውን አህያ እየጫነችለት፣ ገበሬዎች ራሳቸው በሠሯቸውና በሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች ሊያድር ፈቃደኛ ነው ወይ? ገበሬውስ እርሻውን ሳይተው ይህን ሊያስተናግድ ይችላል ወይ? አንድ ትልቅ ሎጅ በአንድ ቦታ ከመሥራት ይልቅ እንደ መቋት ማርያም ባሉ ቦታዎች ለጥቂት እንግዶች ብቻ የሚበቁ ጎጆዎች ተሠሩ፤ እንግዳው አስቀድሞ ተመዝግቦ ስለሚመጣ ገበሬው ምን ያህል ሰው እንደሚያስተናግድ ያውቃል፤ ዋጋም በየበሩ አይከራከርም። አሠራሩ በመቄት ከጸና በኋላ ወደ ትግራይ ተራሮች ተሻገረ። ሊሻገር የቻለውም የእንግዳ ቁጥር፣ የአገልጋዮች ተራና የገንዘብ አከፋፈል ተጽፈው ሊሰጡ የሚችሉ ነገሮች ስለነበሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ወረርሽኙና ጦርነቱ በሰሜኑ የእንግዳ ጉዞ ላይ ያደረሱት ጉዳት ይታወቃል፤ ሰላም በሌለበት የትኛውም ሙከራ መልስ አይሰጥም። ጸጥታው አስተማማኝ ያልሆነ ወረዳ ካላችሁ ዘንድሮ አትጀምሩበት፤ ከሕዝቡ ድካም ላይ ሌላ ተስፋ ማስቆረጫ መጨመር ይሆናል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ወንጪም አለ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ ትልቁ መንገድና ሎጅ ከመምጣታቸው ከዓመታት በፊት ግን የፈረስ፣ የጀልባና የአስጎብኚነት ሥራን በተራ የሚያከፋፍል የነዋሪዎች ማኅበር ነበረው።

ስለ ተራ ካነሣሁ አይቀር አንድ ያየሁትን ልናገር፤ ቦታውን መጥቀስ አያስፈልግም። በአንድ የሐይቅ ዳር ቀበሌ የፈረስ ማኅበሩን መዝገብ የምትይዝ ወጣት ነበረች። መዝገቡ ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ሲሆን፣ በግራ በኩል የባለ ፈረሶቹ ስም፣ ከላይ ቀኖቹ፣ በየሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ምልክት ነበረበት። በቀኝ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ አንድ ጠባብ ዓምድ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። እንግዳ ተራው የደረሰውን ፈረስ ትቶ «ነጩን እፈልጋለሁ» ሲል ሃያ ብር ይጨምራል፤ ያም ሃያ ብር የሚሰጠው ለተዘለለው ሰው ነው፤ ተራውም አይቃጠልበትም። ይህን ደንብ ያወጡት በአንድ ጠዋት ዱላ የተማዘዙ ሁለት ጎረቤታሞችን ካስታረቁ በኋላ ነው። ከወራት በኋላ አንድ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሠራሩን «ለማዘመን» የታተመ ቅጽ አመጣላቸው፤ በቅጹ ላይ ቀዩ ዓምድ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቡ ተመለሰ።

ይህን የምናገረው ፈጠራው ቀድሞ እዚያ እንደነበረ ለማሳየት ነው። በመዝናኛ ዘርፍ አዲስ ነገር የሚፈልቀው በአብዛኛው ከባለ ፈረሱ፣ ቡና ከምታፈላው፣ በሰፈር ጥግ ጆተኒና ከረምቡላ ከሚያከራየው፣ ለልጆች በደቂቃ ሒሳብ ብስክሌት ከሚሰጠው ወጣት ነው። ይሁንና እነዚህ ሰዎች በዘርፉ ስብሰባዎች ላይ አይጠሩም፤ በአብዛኞቹ ዕቅዶቻችንም ውስጥ «መዝናኛ» ሲባል የሚታሰበው ከውጭ የሚመጣ እንግዳ እንጂ የከተማው ነዋሪ ልጅ አይደለም። ሙከራችሁን ስትነድፉ ከሁለቱ ወረዳዎች ቢያንስ በአንዱ የነዋሪውን መዝናናት እንድትጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለዚህም የምጠቁመው የጎዳና ሙከራን ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በታኅሣሥ 15 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. የብስክሌት ወዳጆች በጠየቁት መሠረት ጥቂት ጎዳናዎቿን ለአንድ ጠዋት ከመኪና ነጻ አደረገች። ዛሬ በየእሑዱና በየበዓሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈታል፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በመናፈሻዎቹ ውስጥ ማንም ያለ ክፍያ የሚገባበት የእንቅስቃሴ ትምህርት ተጨምሮበታል። በእኛም አገር «መንገድ ለሰው» በኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሲጀመር ልጆች በዋና ጎዳና ላይ ኳስ ሲጫወቱ ያየ ሰው ደስታውን አይረሳውም። ልዩነቱ ድግግሞሹ ላይ ነው፤ የቦጎታው በየሳምንቱ ሲሆን የእኛው የተጀመረው በወር አንዴ ነበር። በወር አንዴ የሚሆን ነገር በዓል ነው፤ በየሳምንቱ የሚሆን ልማድ ይሆናል፣ ልማድ ሲሆን ደግሞ ብስክሌት አከራዩ፣ ጭማቂ ሻጩና የገና ጨዋታ የሚያስተምሩት አባት ቀኑን ቆጥረው ሊመጡ ይችላሉ። በዞናችሁ ዋና ከተማ አንድ የግማሽ ኪሎ ሜትር መንገድ ለአሥራ ሁለት ተከታታይ እሑዶች ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት መዝጋት ከትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ፣ ከጥቂት ማገጃዎችና ከአምስት ስድስት አስተባባሪዎች በቀር የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ስድስተኛው እሑድ ላይ ማን እንደቀረና ማን እንደተጨመረ ስትቆጥሩ የመጀመሪያ መልሳችሁን ታገኛላችሁ። የመንገዱ ዳር ነጋዴዎች ቀድመው ካልተማከሩ ግን በሁለተኛው እሑድ ይቃወማሉ፤ ለመቃወምም በቂ ምክንያት ይኖራቸዋል።

አሁን መንግሥት ብቻ ሊሰጠው ወደሚችለው ነገር ልምጣ፤ ያም ፈቃድ ነው። ለሆቴል የተጻፈ መስፈርት በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ላለች የእንግዳ ጎጆ ሲሠራበት ጎጆዋ ከመጀመሯ በፊት ትዘጋለች። ስለዚህ መምሪያችሁ ከሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተስማምቶ አንድ ደብዳቤ ያውጣ፤ በእነዚህ ቀበሌዎች፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ እነዚህ ሦስት መስፈርቶች በእነዚህ ሦስት ቀለል ያሉ መስፈርቶች ተተክተዋል የሚል። የሰውን ሕይወት የሚነካ ነገር በፍጹም አይቀለል፤ ጀልባ ያለ ነፍስ አድን ጃኬት አይንቀሳቀስ፣ የምግብ ንጽሕና ይጠበቅ፣ ፈረስ ለሕፃን ሲሰጥ ሳቢ ይኑረው። ደብዳቤው የሚያበቃበት ቀን መኖሩ ሁለቱንም ወገን ይረዳል፤ ኃላፊው ለዘለዓለም እንዳልፈቀደ ያውቃል፣ ነዋሪውም እስከዚያ ቀን ማንም መጥቶ እንደማያሽግበት ያውቃል።

ወረዳዎቹን ስትመርጡ አንዱ የታወቀ መስሕብ ያለው፣ ሌላው የሌለው ይሁን። በታወቀው ቦታ ብቻ የተሳካ ነገር ከአሠራሩ የተነሣ ይሳካ ወይም ከሐይቁ ውበት የተነሣ፣ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ስለ ቆጠራ ደግሞ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጠሩ። የእንግዳና የተዝናኚ ብዛት በአገራችን ከጾምና ፍስክ፣ ከዝናብና በጋ፣ ከጥምቀት ሰሞንና ከሰርግ ወራት ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ በጥር የተጀመረን ሥራ በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መካከል መመዘን ሥራውን ያለ ጥፋቱ መኮነን ነው። የዘንድሮው ጥር ከአምናው ጥር ጋር ይነጻጸር፤ አምናን ያልቆጠረ ወረዳ ዘንድሮ ይቁጠርና ከርሞ ይጀምር፣ ወይም ያልተነካ ጎረቤት ወረዳ አብሮ ይቆጠርለት። «ስንት ሰው መጣ?» ብቻ አትበሉ። ስንቱ አደረ? ከከፈለው ብር ውስጥ ስንቱ ከቀበሌው ሳይወጣ ቀረ? ከሠሩት ውስጥ ስንቱ ሴት ነበረች፣ ስንቱስ ለሁለተኛ ወር ቀጠለ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች የደብተሩ ያዥ ራሷ በየሳምንቱ ልትመልሳቸው ትችላለች፤ ለዚህ ሥራዋም ሊከፈላት ይገባል። ከነጻ አገልግሎት የሚገኝ መረጃ በሦስተኛው ወር ይቆማል።

የበጀት ዓመቱ ጉዳይ እውነተኛ ችግር ነው። ሰኔ ሠላሳ ላይ የሚያበቃ ገንዘብ ሰዎችን ወደ ጥድፊያ ግዢ ይገፋል። የምጠቁመው መውጫ ዕቃና ሥልጠና የሚጠይቀውን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ጨርሳችሁ፣ ለሁለተኛው ዓመት የሰው ጊዜና ጉዞ ብቻ የሚፈልገውን ክፍል እንድታስተላልፉ ነው፤ ያም በመደበኛ ዕቅዳችሁ ውስጥ ሊያዝ የሚችል ትንሽ ወጪ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለውይይትና ለዝግጅት ይሁኑ፤ ሥራው መንገድ ሲደርቅ፣ በጥቅምት ይከፈት።

ለይታችሁ የምታስቀምጡት ሲሶ ገንዘብ ለምን እንደሆነ ልግለጽና ላብቃ። አሠራር የሚሻገረው በሠሩት ሰዎች እጅ ነው። የእኛ የተለመደው «የልምድ ልውውጥ» የኃላፊዎች የሁለት ቀን ጉብኝት ሲሆን፣ ሲመለሱ ይዘውት የሚመጡት ፎቶና አጭር ሪፖርት ነው። በዚያ ፋንታ ባለ ደብተሯና ሁለት ባለ ፈረሶች ወደ ሦስተኛው ወረዳ ሄደው አንድ ወር ይቀመጡ፤ አበሉ ለእነሱ ይከፈል። የሚቆምበትንም ሁኔታ ከመጀመሪያው ጻፉ፤ ለምሳሌ በሁለተኛው የጥር ወር ከቀበሌው የሠሩት ሰዎች ከግማሽ በላይ ትተውት ከሄዱ ይቆማል፣ ለምን እንደቆመም ሦስት ገጽ ተጽፎ ለክልሉ ይላካል። ክልሉ ይህን ዓይነት ሪፖርት ያለ ወቀሳ እንደሚቀበል አስቀድሞ በደብዳቤ ካላረጋገጠላችሁ ግን ሁሉም ወረዳ ተሳክቶልኛል ብሎ ይጽፋል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከመንካታችሁ በፊት ይህን ደብዳቤ ጠይቁ።

የምትመርጧቸውን ሁለት ወረዳዎች ዓይነት፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀትና አሁን እዚያ ምን ዓይነት ማኅበራት እንዳሉ ጽፈው ቢልኩልኝ፣ የመቁጠሪያ ቅጹን አብረን ለማዘጋጀት ዝግጁ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ማኅበራቱ ዛሬ የሚጠቀሙባቸውን ደብተሮች ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ቅጹ የሚነሣው ከእነሱ ነው።